ገመድ ያዥ

ከላይ እኔ አለሁ፣ ከታች እሷ አለች፣
በመሃል ገመድ ነው፤ በሱ ታወራለች።
አንዴ ከሳበችው፣ «ደርሻለሁ፣ በቃኝ»፤
ሁለቴ፣ «ጨምርልኝ»፤ ሦስቴ፣ «ወደ ላይ አውጣኝ»።

ደሴታችን ግሪምሴይ ጭብጥ አፈር ናት፣
ስልሳ ሰው ይኖራል፤ ወፏን ማን ቆጥሮላት።
አያቴ በዚህ ገደል ለሲሳይ ሲል ወርዷል፣
ዕንቁላል በጉያው ታቅፎ ተመልሷል።
አባቴም። እኔም።
ወፍ ግን ቆጥረን አናውቅም፤
የምንቆጥረው ዕንቁላል ነበር፣ እሱንም በደርዘን።

ከዚያ ሄርዲስ መጣች፣ ከዩኒቨርሲቲ፣
ባንዱ ሻንጣ ሚዛን፣ ባንዱ የሱፍ ካልሲ።
«ገመድ የሚይዝልኝ ማን አለ?» አለች ገብታ፤
ሰዉ እኔን ጠቆመ፣ በአገጩ፣ በዝምታ።
ይኸው አሥራ አንድ ሰኔ።

ያገሬ ሰው ይቺን ወፍ «አጭር አፍንጫ» ይላታል፣
ጀርባዋ ከሰል ነው፣ ሆዷ ወተት ይመስላል።
ጎጆ አትሠራም፤ በባዶ ድንጋይ ላይ
አንዲት ዕንቁላል ትጥላለች፣ ሾጣጣ፣ ውሃ ሰማያዊ፣
ጽሕፈት የሚመስል ጭረት ያለባት።
አንድም ቀን አንብበነው አናውቅም፤ እንበላዋለን እንጂ።

ሄርዲስ በረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ባለ ሸምቀቆ፣
አንገቷን ይዛ በከረጢት ትመዝናታለች፦
«ዘጠኝ መቶ አርባ»፣ «ዘጠኝ መቶ ሁለት»፤
ያምናዋ ከዘንድሮዋ ትበልጣለች ባንድ ዓሣ ክብደት።
እግሯም ላይ ታስራለች ከጥፍር ያነሰች ዕቃ፣
ብርሃን የምትመዘግብ፣ ዓመት ሙሉ ነቅታ፣ ተጠንቅቃ፦
ፀሐይ መቼ ወጣች፣ መቼ ጠለቀች።
ወፏ የት እንደዋለች ከዚህ ይሰላል አለች።

ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤
የዚችን አገር ግን ማን ያውቃል?

አንድ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የዓሣ ቅርፊቱ ሳይጠረግ፣
ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ ዓመቱን ልታስነብበኝ ፈልጋ።
ሐምሌን እዚሁ። ነሐሴን ወደ ምዕራብ፣ በዋና
(መብረር አትችልም ያኔ፣ ላባዋ ረግፏልና)።
መስከረም ላይ መስመሩ ተበጣጠሰ።
ቀንና ሌሊት ሲተካከሉ፣ አለች፣ ምድር ሁሉ አንድ ናት፤
ለዚያ ሰሞን ወፏ የትም የለች፣ ወይም በሁሉም ሥፍራ ናት።
ታኅሣሥ ደግሞ ጨለማ፤ ፀሐይ አትወጣም፣ አትጠልቅም፣
ዕቃዋ ዜሮ ትጽፋለች፣ ዜሮ፣ ዜሮ።
«እዚህ ጋ» አለች፣ «ምንም አናውቅም።»

እኔ ግን አውቃለሁ።
በወጣትነቴ፣ በመረብ ጎታች መርከብ ስሠራ፣
ከግሪንላንድ ወዲህ፣ ባሕሩ በጥር ጨለማ ሲያጓራ፣
ወደ መብራታችን መጡ፣ በሺህ፣ ዝም ብለው።
አንዷ ከወለሉ ወደቀች፤ አንስቼ መለስኳት፣
በወፍራም ጓንቴ ውስጥ ልቧ ሲመታ ተሰማኝ፣
ገመድ እንደሚሳብ።

ነገርኳት። ዓመቱን ጠየቀችኝ፣ ኬክሮሱን ጠየቀችኝ፤
የማውቀው የመርከቡን ስም፣ የወጥ ቤቱን ሰውዬ፣ የዚያን ሌሊት ሾርባ ነው።
ለዚህ የሚሆን ዓምድ ሠንጠረዧ ውስጥ አልነበረም፤
በእርሳስ፣ ጠርዙ ላይ ጻፈችው፦
«ሃፍሊዲ እንዳየው፤ መብራት።»

በሐምሌ ጫጩቶቹ ይዘላሉ።
ሦስት ሳምንታቸው ነው፤ ክንፍ የላቸውም፣ የክንፍ ወሬ እንጂ።
አባትየው ከታች፣ ከባሕሩ ይጣራል፣
ጫጩቱ ጫፍ ላይ ያመነታል፣ ያመነታል፣
ከዚያ ራሱን ይጥላል።
እናቲቱ ጥቂት ቀን ባዶውን ድንጋይ ትጠብቃለች።
ለምን እንደሆነ ሄርዲስን ጠይቄያት ነበር፤
ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ሳይንቲስቷ።

ዘንድሮ ሦስተኛው እርከን ላይ ወረደች።
አንዴ ሳበች። ከዚያ ምንም።
አንድ ሲጋራ አጨስኩ። ደገምኩ። ገመዱ አይላወስም።
ሙሉውን መቁጠርና ባዶውን መቁጠር
ለካ እኩል ጊዜ ይፈጃል።

ሦስቴ ሳበች። አወጣኋት።
ጉንጯ ላይ ኩስ፣ ጉያዋ ውስጥ መዝገብ፤
ዓይኔን ሳታይ፣ «ወፍ የለም» አለች።

እርሳሷን ቀረጸች።
ገመዱን ወገቤ ላይ ደግሜ ጠመጠምኩ፤
አራተኛው እርከን ይቀረናል።